ሽማግሌ ጭና የፈላች መኪና

ሙያዬ ውሃ ነው። በደረቅ አገር ጉድጓድ የሚያስቆፍር የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነበር የምሠራው፤ ናይሮቢም ያደረሰኝ ይኸው ውሃ ነው። ስለ ውሃ ጥቅም ያልተናገርኩበት አዳራሽ፣ በኔ ንግግር ያላዛጋ ተሰብሳቢ የለም። እንዲህ ያለው የውሃ ሰው በሕይወቱ ትልቁ ቀን ለገዛ መኪናው ውሃ ነፈጋት ብትሉ ማን ያምናችኋል? እኔ አምናችኋለሁ፤ ነፋጊው እኔ ነኛ!

ነገሩ የጀመረው ሜሮንን ላገባ ከመፈለጌ ነው። ሜሮን ናይሮቢ ያደገች፣ አማርኛዋ መሀል ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ሳይጠሩት የሚገባባት፣ ሳቋ ከሦስት ክፍል ማዶ የሚሰማ ልጅ ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት አባቷ አቶ ግርማ ናቸው። አቶ ግርማ የአውሮፕላን ሞተር ኢንጂነር ናቸው። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ቁጣቸውን ግን ከሜሮን አፍ ሰምቼ በልቤ ሥዬዋለሁ። አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችኝ።

«አባቴ እምቢ ካለ አለቀ። እሱን አስቀይሜ አልመጣም። ከኔ ሌላ ማን አለው?»

ይህን ስትል ይበልጥ ወደድኳት፤ ፍርሃቴም በዚያው ልክ ጨመረ።

የኔ አባት የሚኖሩት ደሴ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ናይሮቢ ድረስ መምጣት አልቻሉም፤ በስልክ ባርከው «ደህና ደህና ሽማግሌ ፈልግ» አሉኝ። ፈለግኩ። ጋሽ ወርቁ ከአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተው ኪሌሌሽዋ አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ፣ «እንደምን አደራችሁ» ለማለት እንኳ መግቢያና ማጠቃለያ የሚያበጁ ሰው ናቸው። ሐጂ ኑሩ ደግሞ ኢስትሊ ጨርቅ የሚነግዱ የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚያ ሰፈር ሁለት ሐበሻ ነጋዴ ከተኳረፈ መጀመሪያ የሚጠሩት ሐጂ ናቸው። የአንዱን አፍ ከሌላው ጨዋታ ጋር አስተባብሬ ድል ላደርግ ነበር ሐሳቤ።

የቸገረኝ የሚያደርሳቸው ሰው ነው። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መሪ አይጨብጡም። ሐጂ ማታቱ ከሚባለው የናይሮቢ ሚኒባስና ከእግራቸው ሌላ መጓጓዣ አያውቁም። በታክሲ ልላካቸው ብል ጋሽ ወርቁ ተቆጡ። «ሽማግሌ በኪራይ መኪና ሄዶ ልጅ አይለምንም!» በወጉ መሠረት ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን መብላት የሚገባው አግቢ እንዲህ ሆኖ ለገዛ ሽማግሌዎቹ ሾፌር ሆነ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። በሩ ላይ ጣል አድርጌያቸው፣ ማንም ሳያየኝ ጥጉን ዞሬ መደበቅ። ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል።

መኪናዬ ዕድሜ ጠገብ የጃፓን ስቴሽን ዋገን ናት። በዋዜማው ኮፈኗን ከፍቼ ራዲያተሯን ባይ ውስጡ ያለው ውሃ የሻይ መልክ ይዟል። በዚህ ነው እንዴ ሽማግሌ የምጭነው? ዝገቱን አፍስሼ አወጣሁና ኪሪንያጋ ሮድ፣ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሰፈር ሄጄ ኩላንት የሚሉትን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ገዛሁ። አረንጓዴ፣ ወፈር ያለ፣ ዓይን የሚስብ ነገር ነው። ሻጩ ሲያቀብለኝ «ቻንጋንያ ና ማጂ፣ ኑሱ ክዋ ኑሱ» አለኝ፤ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ቀላቅለው ማለቱ ነው። ሰማሁት። አሳምሬ ሰማሁት።

ግን እናንተዬ፣ በምን አንጀቴ ልቀላቅለው? እኛ አገር ለድግስ ውሃ የበዛበት ጠላ ያቀረበ ሰው ስሙ ስንት መንደር እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ወተት በውሃ ያበዛች ሴት ደንበኛዋ ብቻ ሳይሆን ድመቷም ትታዘባታለች። «ቀጠነ» የተባለ ነገር ሁሉ ውርደት ነው። ስለዚህ የሻጩን ምክር የወሰድኩት ለቆጥቋጣ እንደሚሰጥ የቁጠባ ምክር አድርጌ ነው። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን እንኳን ለሽማግሌ ለመኪናም ልሰስት አልፈለግኩም። ጠብታ ውሃ ሳላስነካ ንጹሑን አንቆረቆርኩላት።

በዚህ አላበቃሁም። እኛ ቤት ብርጭቆ አፉ ድረስ ካልተቀዳ እንግዳው ውስጡ ቅር ይለዋል። ከራዲያተሩ ጎን ያለችው የፕላስቲክ መጠባበቂያ ላይ «ከዚህ እንዳታልፍ» የሚል መስመር ተሰምሮባታል። መስመሩን አይቼ ናቅሁት። እስክትፈስ ሞላኋት፣ ክዳኑን ስጠመጥም በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ፣ ደስ አለኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔ መኪናዬን የሳምኳት እንዲያ ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላቪንግተን፣ አቶ ግርማ ቤት እንድንገኝ ነበር ቀጠሯችን። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ስለሆነ ናይሮቢን ሁልጊዜ አመሰግናታለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት እዚያም ዘጠኝ ነው። ሦስተኛ አድርጌ የለመንኩት የሥራ ባልደረባዬ በዋዜማው ካምፓላ ስለተላከ ሁለቱን ብቻ ላደርስ ነው። ሐጂን ከኢስትሊ አነሳኋቸው። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሽቶ ሽቶ ይላሉ። ከሰፈራቸው ለመውጣት በእጅ ጋሪ፣ በማታቱና በፍየል መሀል ተሽሎክልከን ኪሌሌሽዋ ስንደርስ ጋሽ ወርቁ በሙሉ ልብስና በከረባት በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁን።

ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው። ጋሽ ወርቁ ከኋላ ወንበር ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። «ከሩቅ አገር ተሰደን፣ በባዕድ ምድር ተገናኝተን...» ሲሉ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ከመሀል ተነሳች። «እንደ አባቶቻችን ሥርዓት...» ሲሉ ወደ ላይ አዘነበለች። እኔ በላብ ተጠመቅሁ። ማቆም ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሽማግሌ አርፍዶ ከደረሰ ጉዳዩ ከመነገሩ በፊት ተበላሸ ማለት ነው። ሐጂ አፍንጫቸውን አነፈነፉ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ስኳር ስኳር ይሸተኛል።»

«የአዲስ ኩላንት ሽታ ነው ሐጂ።»

«መኪናህ ሻይ እያፈላች ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም።»

አልዋሸሁም፤ ሻይ አልነበረም። ቀስቷ ቀዩ ላይ ስትደርስ የአቶ ግርማ በር ታየኝ። አዲስ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት በር ነው። ጌታ ሆይ፣ እነሱን አውርጄ ጥግ እስክዞር ድረስ ብቻ ብዬ ለመንኩ። አልተሰማሁም፤ ወይም በሌላ በኩል ተሰማሁ። ገና ፍሬን ስይዝ ከኮፈኗ ሥር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎ ነጭ እንፋሎት፤ ቀጥሎ ላለመሰሰት ብዬ ያልቀላቀልኩት አረንጓዴ ኩላንት እንደ ምንጭ ፈልቶ ያን ነጭ በር ከወገቡ በታች አረንጓዴ አደረገው። ዘበኛው መኪና ተቃጠለ ብሎ በስዋሂሊ እየጮኸ በባልዲ አሸዋ ይዞ ወጣ። ጋሽ ወርቁ በአንድ በር፣ ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው በሌላው በር ዘለሉ። የሰባ ዓመት ሰው እንዲያ ሲዘል ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ዘረጋሁ። ላስተነፍሳት!

«እጅህን!» የሚል ድምፅ መጣ፤ አንድ ጠንካራ መዳፍ የእጄን አንጓ ጨምድዶ ወደ ኋላ ጎተተኝ። «አብደሃል? ይኼን ብትከፍተው ፊትህ ይላጥ ነበር!»

አቶ ግርማ ነበሩ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሽማግሌ ሊቀበሉ የወጡት ሰው የኔን እጅ ይዘው ቆመዋል። ይህን ወግ የምጽፍበት እጅ ነው። ፊቴም ቢሆን ከድሮውም ያን ያህል ባይሆን፣ እስካሁን በቦታው አለ። ተመስገን።

«አንተ ነህ ሾፌሩ?»

ጋሽ ወርቁን አየኋቸው። ጋሽ ወርቁ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። እሱም ውሸት አይደለም፤ የነዳሁት እኔ ነኝ።

አቶ ግርማ ሽማግሌዎቹን በትሕትና ወደ በረንዳው አስገቧቸው። እነሱ ግን ጉዳያቸው ሳይሰማ መቀመጥ ነውር ስለሆነ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አቶ ግርማ ገብተው እንዳያናግሯቸው ደግሞ የሚፈላ ሞተር ትተው መሄድ ነፍሳቸው እምቢ አለች። ኮታቸውን አውልቀው የበሩ ብረት ላይ ሰቀሉና እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ አጠገቤ ቆመው ይመረምሩኝ ጀመር።

«ይህን ማነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን ያህል ውሃ በጠበጥከው?»

«ውሃ... አልጨመርኩበትም።»

«ምነው?»

«እንዳይቀጥን ብዬ ነው ጋሼ። ሽማግሌ ስለምጭን... ለክብር።»

ሞተሩን እንደ ታመመ ሰው እያዩ በቀስታ አስረዱኝ። «ስማ፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣው ውሃው ነው። ኩላንቱ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ፣ ብረቱም እንዳይዝግ ይጠብቃል እንጂ ብቻውን ሸክሙን በደንብ አይችለውም። አንተ ዘበኛ ቀጥረህ ተሸካሚውን አባረርከው። ይኼንንስ እስከ አፉ የሞላኸው ምን ሆነህ ነው? ብርሌ መሰለህ? ሲሞቅ ያብጣል፤ መተንፈሻ ቦታ ተውለት እንጂ!»

የውሃ ባለሙያው አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። እኔ ሙሉ አዳራሽ ስለ ውሃ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ስለ ውሃ ያን ያህል በጽሞና የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሞተሩ ሲበርድ «ሜሮን!» ብለው ወደ ቤት ተጣሩ። «ጋራዥ ውስጥ ያለውን የባትሪ ውሃ በጀሪካኑ አምጪልኝ! ባልዲም ጨምሪ!»

ወገኖቼ፣ ሽማግሌ በመጣ ቀን ልጅቷ ጓዳ ተደብቃ ትውላለች እንጂ አትታይም። አግቢውም እዚያ ሰፈር ድርሽ አይልም። እኛ ግን ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እሷ በሐበሻ ቀሚስ ጀሪካን አንጠልጥላ፤ እኔ ግንባሬ ድረስ አረንጓዴ ሆኜ። ከጎኔ አባቷ። ዓይኖቿ ፈጠጡ፤ ከንፈሯ ሊስቅ ሲል ነክሳ ያዘችው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ፤ መሬት መሬት እያየች።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤት» አልኳት። ከአንድ ቀን በፊት በስልክ «አንቺ ቀበጥ» ያልኳትን ልጅ።

«ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«የለም፣ እግዜር ይስጥልን።»

ዞራ ሄደች። ደጁን እስክታልፍ ድረስ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አቶ ግርማም አዩ። ባልዲው ውስጥ አንድ እጅ ኩላንት አንድ እጅ ውሃ አድርገው በእንጨት እያማሰሉ፣ እንደ ዋዛ ጠየቁኝ።

«እነዚህን ሽማግሌዎች የላከውን ልጅ ታውቀዋለህ?»

«በ... በመጠኑ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ራሱን ያመሰገነ ሰው አይከብድም፤ ራሱን የነቀፈ ሚስት አያገኝም። ራዲያተሩን ለማጠብ ጎንበስ ብዬ ጊዜ ገዛሁ።

«ክፉ ሰው አይደለም።»

«ይጠጣል?»

«ሲጋብዙት።»

«ይቆጣል?»

«ማታቱ ሲጋፋው ብቻ።»

«ሞኝ ነው?»

አረንጓዴውን በር አየሁ። «አንዳንድ ቀን» አልኩ።

አቶ ግርማ ወደ ራዲያተሩ ቀስ አድርገው ማፍሰስ ጀመሩ። ሞተሩን እንዳስነሳና የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው እንድከፍት አዘዙኝ። አየር ከውስጥ እየወጣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ወፍራሙን ቱቦ ደጋግመው ጨመቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ይወዳታል?»

ጨዋታው እዚህ ላይ አለቀብኝ።

«ይሄን በርግጠኝነት አውቃለሁ ጋሼ። ይወዳታል። እርስዎን አስቀይማ እንደማትመጣ ነግራዋለች። እሱም እንደዚያ ሆና እንድትመጣለት አይፈልግም። ብቸኛ ሊያደርግዎት አይፈልግም።»

አቶ ግርማ ቱቦውን እንደገና ጨመቁ። የመጨረሻው አረፋ ወጥቶ ፈሳሹ ዝቅ ሲል ትንሽ ጨመሩበት፤ መጠባበቂያዋንም ሞሏት፣ ግን እስከ መስመሩ ብቻ። ክዳኑን ጠመጠሙና እጃቸውን በመሀረብ ጠረጉ።

«አየሩ ወጥቷል» አሉ። «ታጠብና ግባ።»

«እኔ እዚሁ መኪናው ጋ...»

«ግባ ነው ያልኩህ።»

ሳሎን ስገባ ከበረንዳው የገቡት ሽማግሌዎች አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ጋሽ ወርቁ እግራቸው ዝሎ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ንግግራቸው ግን አልዛለም። «ከሩቅ አገር ተሰደን...» ብለው ሲጀምሩ አባቶቻችን ሥርዓት ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሐጂ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አቶ ግርማ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አጭር ነገር እወዳለሁ። አሁን በረንዳ ላይ ሆነን እንደሰማነው፣ ኩላንቱን ወንድ ልጃችን ይበሉት፤ ውሃዋ ደግሞ...»

«ሐጂ፣ ልጄን ራዲያተር ውስጥ አይክተቱብኝ» አሉ አቶ ግርማ። «ጥያቄያችሁ ገብቶኛል። ግን ሁለት ናችሁ። ሽማግሌ ሦስት አይደለም እንዴ? ሦስተኛችሁ የታለ?»

«ትናንት ለሥራ በድንገት ካምፓላ ተላከብን» አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መግቢያ አልነበረውም።

«እንግዲያው በጎደለ ሽምግልና መልስ አልሰጥም።»

ልቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ። እንዲህ ነው የሚያልቀው ማለት ነው? ለኩላንት የቆምኩትን ያህል ለሜሮን ሳልቆም? እኔ ነኝ፣ ሾፌሩ እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት አቶ ግርማ ከወንበራቸው ተነሱ። የበሩ ብረት ላይ የተሰቀለውን ኮታቸውን ዘበኛው አምጥቶላቸው ነበር፤ ለበሱት፣ ቆለፉት። ምንጣፉን አቋርጠው መጡና በጋሽ ወርቁና በሐጂ መሀል ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ባዶ ወንበራቸው አዞሩ።

«ሜሮን፣ ነይ ተቀመጪ እዚህ!»

ከጓዳ ወጣች። አባቷ ከማን ጋር እንደቆሙ ስታይ ደነገጠች። ወንበራቸው ላይ ጫፍ ጫፉን ተቀመጠች።

«ልጄ» አሉ አቶ ግርማ። «ከነዚህ ትልልቅ ሰዎች ጋር ለትልቅ ጉዳይ መጥቻለሁ። ይኼ ሾፌር ነኝ የሚለው ሰው ሊያገባሽ ይፈልጋል። የሰው ስም ሳትጠይቂ የማታልፊ ልጅ እሱን ሳትጠይቂ ስታልፊ ነው ያወቅሁት። መኪና አያውቅም። እሱን እኔ አስተምረዋለሁ። ሌላውን ግን ጠይቄዋለሁ፤ ስለራሱ ክፉውንም ደጉንም የሚናገር ሰው መጥፎ አይደለም። አባቱ ሩቅ ናቸው። እንግዲህ በሳቸው ቦታ ሆኜ እኔ እለምንሻለሁ።»

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ?» አለች ሜሮን፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። የኔም ወርዷል፤ ኩላንት ነው ብዬ ጠረግሁት። ሐጂ በጀለቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። ጋሽ ወርቁ እንኳ ዝም አሉ።

ሜሮን ቀና ብላ ተስተካክላ ተቀመጠች። እግሯን አጣጥፋ፣ ጉሮሯን ጠርጋ፣ የማላውቀው የወይዘሮ ድምፅ አወጣች።

«ነገሩን ሰምቻለሁ። ዘመድ ላማክርበት። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።»

«ዘመድሽ እኔ ነኝ እኮ!» አሉ አቶ ግርማ።

«አንተ የነሱ ሽማግሌ ነህ፤ አትገባበትም።»

ሳቃችን ከዚያ ቤት ሲወጣ ዘበኛው ደግሞ ምን ፈላ ብሎ በመስኮት አየን።

ከዚያ ወዲህ ምስጋና የማላቀርብለት ነገር የለም። ሻጩን አመሰግናለሁ፤ እውነቱን ነግሮኝ ነበር። ካምፓላን አመሰግናለሁ። መኪናዬንማ አመስግኜ አልጨርስም፤ ጥጉን ዞራ ብትፈላ ኖሮ ያን ሰው የማውቀው በቁጣው ብቻ ነበር። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እኔን የተጣላኝ ደግሶ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ በሰዓታችን ደረስን። በሩ እንደገና ነጭ ተቀብቷል። አቶ ግርማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከበሩ ውጭ ቆመው ጠበቁን። ከውስጥ ቆልፍ ብለው ዘበኛቸውን አዘውታል፤ ምስኪኑ ጌታውን ከቤታቸው ማስወጣቱ ግራ ገብቶት በቀዳዳ ያያል። ከመኪናው እንደወረድን በመሀላችን ገቡ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ የኔን ትከሻ ነካ አደረጉና የገዛ ቤታቸውን ደወል ደወሉ።

«ማነው?» አለች ሜሮን ከውስጥ።

«እኛ ነን» አሉ አቶ ግርማ።